ኦርዜላን የሰረቁብኝ ሰሞን

ልጄ በተወለደች በሰባ ሰባተኛ ቀኗ ስሟን ሰረቁብኝ። የሰረቀኝ የቀበሌያችን ጸሐፊ ነው፤ ያሰረቁኝ የሚስቴ እናት ናቸው። ሁለቱም የደፈሩኝ ማንበብ አይችልም ብለው ነው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። በላቸው እባላለሁ። ጫማ ሰፊ ነኝ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው አቀበት ላይ ከአንድ ግንብ ጋር የተለጠፈች የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ፤ ሱቅ ካላችኋት። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነበር። እስከ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ፊደል አልለይም ነበር፤ ስለዚህ ያገኘኝ ሁሉ ሲሸውደኝ ኖሯል። የማልፈልገውን ውል አስፈርመውኛል፣ ያላልኩትን ደብዳቤ ጽፈውልኛል፣ የመጣልኝን ደብዳቤ እንደፈለጉ አንብበውልኛል። በዚህ የተነሳ ሰው አልወድም ነበር። አሁንም ብዙ አልወድም።

መሠረተ ትምህርት ሲመጣ በራሴ ቀበሌ አልተመዘገብኩም። የጎረቤት ጎረምሳ ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁሞ «ጋሼ፣ ሀ ይበሉ» እንዲለኝ አልፈለግሁም። ከድልድዩ ማዶ ማንም የማያውቀኝ ጣቢያ ገብቼ ተማርኩ፤ ምስክር ወረቀቴንም ከሶል ማስቀመጫው ሳጥን ሥር ሸሸግሁት። በቤትም በሰፈርም ከሚስቴ ከከበቡሽ በቀር ማንበቤን ያወቀ ሰው አልነበረም። ለምን ደበቅህ ትሉኝ ይሆናል። ሰው ማንበብ እንደማትችል ካመነ ወረቀቱን ፊትህ ላይ ገልጦ ይተወዋል። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ለተሸወደ ሰው ይቺ ትንሽ ደስታ አትበዛበትም።

ከሱቄ አጠገብ ጋሽ ሙሉጌታ አሉ። አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በማተሚያ ቤት ፊደል ሲለቅሙ ነው። በኔና በሳቸው መካከል በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ የዳማ ሰሌዳ አለ፤ የምንጫወተው በቆርኪ ነው። ማንበብ መጀመሬን ደንበኛ ሲጠፋ ተደብቄ በማነበው ጋዜጣ አወቁብኝና ውርርድ አወጡ፦ የተሸነፈ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል።

እኔ ዳማ አልችልም። ስለዚህ የመጀመሪያውን መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት በመሸነፍ ነው።

መጽሐፉ ሽፋኑና የመጀመሪያው ቅጠል የለውም፤ ርዕሱንም የጻፈውንም እስከ ዛሬ አላውቅም። ከውጭ አገር ቋንቋ የተተረጎመ ነው። ጉም የማይለየው ተራራ ላይ ያለ የድንጋይ ግንብ፣ ራሱን የሚዘጋ በር፣ ሰው ሳይኖር የሚነድ ሻማ፣ ከምድር ቤቱ በታች የዘር ማንዘሩ ሬሳ ሣጥን የተደረደረበት ጓዳ አለበት። በዚያ ግንብ ውስጥ ኦርዜላ የምትባል ሴት አለች። እኔ ያቺን ሴት በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ሦስት ገጽ፣ እንደ ሽንፈቴ ብዛት ሰባት ወር ተከተልኳት። ደንበኛ ጫማውን አውልቆ በአንድ እግሩ ቆሞ «ከዚያስ? በሩን ማን ከፈተው?» ይለኝ ነበር። የሰፈሬ ሰው ብቅ ሲል ግን መጽሐፉን ለጋሽ ሙሉጌታ አቀብላለሁ፤ እሳቸውም ምስጢሬን ጠብቀውልኛል።

ኅዳር ላይ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ። ስሟን ኦርዜላ አልኳት።

ቤቴ ተሸበረ። አማቴ እማማ ዘነበች ያወጡላት ስም ነበራቸው፤ ካሳነሽ። ከዚህች ልጅ በፊት ሁለት ልጆች ሞተውብናል፤ ዳዊት በስምንት ወሩ፣ ሰናይት በአርባ ቀኗ። ልጅ ከሞተበት ቤት ቀጥሎ የሚወለደው ካሳ፣ ምትኩ፣ ካሳነሽ ይባላል፤ ያገራችን ወግ ነው፤ ለሞቱት ማካካሻ፣ ለሞትም «በቃህ» ማለት ነው። እማማ ዘነበች ይህን የሚሉት በሙሉ ልባቸው ነበር።

«ልጄ የማንም ካሳ አይደለችም» አልኳቸው። «ራሷን ሆና ነው የመጣችው።»

«እና ይሄ ኦር… ኦር… ምንድነው? የመኪና ዘይት ነው?»

«ስም ነው።»

«የማን ስም? ማን ተጠርቶበት ያውቃል?»

«ማንም። ለዚህ ነው የወደድኩት። እዚህ አገር በለቅሶ ቤት ተጠርቶ የማያውቅ ስም ነው።»

ከየት አመጣኸው ሲሉኝ ጋሽ ሙሉጌታ ካነበቡት መጽሐፍ ሰማሁት አልኩ፤ ማንበቤን መደበቄ ነው። እማማ ዘነበች ነገር አያሳድሩም። በማግሥቱ ጥላቸውን ይዘው እኔ ቆዳ ልገዛ በሄድኩበት ሰዓት ድልድዩ ጋ ወርደው ጋሽ ሙሉጌታን ስለ መጽሐፉ ጠይቀዋቸዋል። ሽማግሌው ደስ ብሏቸው መተረክ ይጀምራሉ። ኦርዜላ ሬሳ ሣጥን ውስጥ የምትገባበት ጋ ሲደርሱ እማማ ዘነበች ሁለት ጆሯቸውን ይዘው፣ እያማተቡ አቀበቱን ሽቅብ ሮጡ። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ሰሞን ያየሁት ዝም ማለታቸውን ብቻ ነው፤ እኔም ሞኙ የተሸነፉ መሰለኝ።

ጥር ገባ። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ የኛዋ ቀን እሑድ ላይ ዋለ። ሐሙስ ጠዋት ሥራ ሳልገባ ቀበሌ ሄድኩ። ልጅቷን በቤተሰብ ቅጹ ላይ ማስገባት ነበረብኝ። ቅጹ ላይ ከሌለች የቀበሌው ሱቅ ራሽን ካርድ ላይም የለችም፣ ወደፊት ትምህርት ቤትም የለችም፤ በዚያን ጊዜ ቅጽ ላይ የሌለ ሰው ገና አልተወለደም።

ጸሐፊው ጓድ ንጉሤ ይባላል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከኋላዬ ስምንት ዘጠኝ ሰው ተሰልፏል፤ በሩ ላይ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል።

«የልጅ ስም?»

«ኦርዜላ።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ግን አልሳቀም። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። ሁሉም የሚስቅበትን ስም እሱ ሳይስቅ ተቀበለው።

«ኦር… ዜ… ላ» አለ ጮክ ብሎ፣ እየጻፈ። «ኦርዜላ በላቸው። ይኸው። አውራ ጣትህን።»

ቀለሙን ወደኔ ገፋው። ይህን ያደረገው በክፋት አይመስለኝም፤ ለስንት ዓመት ለኔ የሚገፋው እሱን ነው። እኔም እንደ ልማዴ አውራ ጣቴን ቀለሙ ላይ ጫንኩ። ከዚያ ቅጹ ላይ ላሳርፍ ስል ዓይኔ ከጣቴ ቀደመ።

እኔ ዛሬም ቶሎ አላነብም። ፊደል በፊደል ነው የምሄደው፣ ጨለማ ቤት እንደሚገባ ሰው። ካ። ሳ። ነ። ሽ።

እንደገና አነበብኩት። ካሳነሽ በላቸው።

ጣቴ አየር ላይ ቀረ።

«ይሄ ምን ይላል?» አልኩት።

«የቱ?»

«ጣቴን የምጭንበት።»

«ያልከኝን ነዋ! ኦርዜላ በላቸው።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

«አነበብኩልህ እኮ። ጓድ በላቸው፣ ሰው ተሰልፏል።»

«እንግዲያው እኔ ላንብብልህ» አልኩና ቅጹን አንስቼ ወደ ተሰላፊዎቹ ዞርኩ። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፤ ሰባት ወር አስፋልት ዳር ሳነብ የሠራሁት ድምፅ ነው። የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ አንድም ሳላስቀር አንብቤ «የልጅ ስም፣ ካሳነሽ በላቸው» ስል ተሰላፊው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

ጓድ ንጉሤ ብዕሩ ከእጁ ወደቀ። «አንተ… መች…?»

«ድልድዩ ማዶ። ቀለም መቀባቴ ነው የሸወደህ?»

ማፈር ሲገባው ተቆጣ። «ስማ፣ የተጻፈ ተጽፏል፤ ማኅተም አርፎበታል። ደግሞ ምን ዓይነት ስም ነው? ጠይቄያለሁ፤ ግንብ ቤት የምትኖር የባላባት ሴት ናት አሉ። በአብዮቱ ዘመን የፊውዳል ስም ልመዘግብልህ ነው?»

«አንተ ራስህ ንጉሤ ተብለህ አይደለም እንዴ የተመዘገብከው?» አልኩት። «ንጉሡ ከወረዱ ስንት ዓመታቸው ነው? መጀመሪያ የራስህን ሰርዝ።»

ከሰልፉ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ምን እንደሳቀ ገብቶት አፉን ያዘ። ሁሉም ወደ አብዮት ጠባቂው ዞረ። በዚያን ጊዜ ለዚህ ዓይነት ቀልድ ሰው የት እንደሚሄድ ለማታውቁት አልነግራችሁም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አብዮት ጠባቂው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጫፍ ማየት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት ሶሉን የቀየርኩለት ጫማ ነው። አየው፣ አየው፣ ከዚያ «አልሰማሁም» በሚል ዓይነት በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ።

ጓድ ንጉሤም ላብ አጥምቆት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጓድ በላቸው፣ እኔ ምን ላድርግ? ትናንት እማማ ዘነበች መጥተው አልቅሰው ለመኑኝ። ‹እሱ አያነብም፣ አፍህ እሱ ያለውን ይበል፣ እጅህ ግን ይህን ይጻፍ› አሉኝ። የእናቴ ጓደኛ ናቸው። አስመዝጋቢ ተብለው ባዶው ቅጽ ላይ በአውራ ጣታቸው የፈረሙትም እሳቸው ናቸው፤ ማኅተሙም ያኔ ነው ያረፈው። ስሙ እንዲቀየር ራሳቸው ቀርበው ቃላቸውን ማንሳት አለባቸው።»

ቤት ስደርስ እማማ ዘነበች ሕፃኗን አቅፈው ደጃፍ ላይ ፀሐይ ያሞቋት ነበር። አውራ ጣቴ ላይ ቀለሙን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ የፈረምኩ መስሏቸው ነው።

«አልፈረምኩም» አልኳቸው። «አነበብኩት።»

ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ደረቀ። ከበቡሽ ከጓዳ ብቅ አለችና «ካነበበ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እማዬ» አለቻቸው። እናትና ልጅ ተያዩ። ይቅርታ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ነገም አደርገዋለሁ። ሁለቱን ያጠብኳቸው እነዚህ እጆቼ ናቸው፤ አንተ ደጅ ቆመህ ነበር። ለሦስተኛዋ ከሬሳ ሣጥን ስም አምጥተህ ልትለጥፍባት ነው? እኔ ቆሜ?»

ወንድሞቼ፣ የሬሳ ሣጥኑን ከየት እንዳመጡት ገብቶኛል፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንዳልሰሙትም ገብቶኛል። ግን በአፌ ብነግራቸው አያምኑኝም። መጽሐፉ ራሱ ሊነግራቸው ይገባል።

መጽሐፉ ደግሞ የጋሽ ሙሉጌታ ነው። ጋሽ ሙሉጌታ አያውሱም። አይሸጡትም። «አንዴ አውሼው ሽፋኑን ጥሎ ነው የመጣው» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። አዘኑ፤ የኔ ምላስ ነው ያበላሸው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን መጽሐፉን ስጡኝ ስላቸው ቆርኪዎቹን ደረደሩ።

«አሸንፈኝና ውሰደው። እስከ ወዲያኛው።»

«ጋሽ ሙሉጌታ፣ አሸንፌዎት አላውቅም እኮ።»

«ከዚህ በፊት የምትጫወተው ለማንበብ ነበር፤ ሳትሸነፍ አታነብም። ዛሬ ለማንበብ ማሸነፍ አለብህ። እስቲ እንይህ።»

ዳማ ላይ መብላት ግዴታ ነው። ሁልጊዜ የሚያሸንፉኝ በዚህ ነው፤ አንድ ቆርኪ ያስበሉኝና በከፈትኩት በር ይገባሉ። እኔ ደግሞ ማስበላት አልወድም፤ የያዝኩትን ሙጭጭ ነው። ያን ቀን ግማሽ ሰዓት ሰሌዳው ላይ አፍጥጬ ሁለት ቆርኪዬን ባስበላ ምን እንደሚከፈት ታየኝ። አንዱን ገፋሁ፤ በሉ። ሁለተኛውን ገፋሁ፤ በሉ። ከዚያ ሦስት አከታትዬ በልቼ መጨረሻው መስመር ላይ ነገሥኩ። ጫማ ሊያስጠግን የቆመው ሰው አጨበጨበ። ጋሽ ሙሉጌታ ሰሌዳውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ መነጽራቸውን አወለቁ። አውቀው ተሸንፈውልኝ ይሁን ሳያውቁ፣ ለሃያ ዓመት ጠይቄያቸው አልነገሩኝም።

መጽሐፉን ስቀበል ላብና ቀለም የተቀላቀለበት አውራ ጣቴ ገጹ ላይ ታተመ። ቀበሌ ላይ ሳላሳርፈው የቀረው አሻራዬ መጽሐፉ ላይ አረፈ።

ዓርብ ከሥራ ቀርቼ ቤት ዋልኩ። መኝታውን ከሳሎኑ የሚለይ መጋረጃ አለን። እማማ ዘነበች መጽሐፉን ሲያዩ አማትበው ከመጋረጃው ወዲያ ገቡ። እኔም ከወዲህ ተቀምጬ ለከበቡሽ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ፊደል በፊደል። አንዳንዱ ቃል ላይ እቆማለሁ፣ እመለሳለሁ። ከበቡሽ ልጅቷን እያጠባች ትሰማለች። ሰላሳ ገጽ ያህል እንደሄድኩ ኦርዜላን የሚጠብቃት ትልቁ ውሻ ተመርዞ ወደቀ። ውሃ ለመጠጣት አቋረጥኩ።

«ውሻውስ?» አለ መጋረጃው።

ከበቡሽ ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው። እኔ ምንም እንዳልሰማሁ ሆኜ ቀጠልኩ።

ቅዳሜ ከመጋረጃው ወጡ። ለእሑዱ ድግስ ሽንኩርት መክተፍ ነበረባቸው፤ ትሪያቸውን ይዘው ከኔ ሦስት እርምጃ ርቀው ተቀመጡ። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ ጆሯቸው ግን ወደኔ ነው። ግንቡን ሊወርስ የፈለገው የባሏ ወንድም ኦርዜላን መድኃኒት አጠጥቶ፣ ሞተች ብሎ አስለቅሶ፣ በሕይወት ያለችውን ሴት ምድር ቤት ሬሳ ሣጥን ውስጥ ሲከታት የቢላዋው ድምፅ ቆመ።

«ይሄንን ነው የነገሩኝ» አሉ። «እዚህ ላይ ነው የሄድኩት።»

«ቶሎ ነው የሄዱት» አልኳቸውና ገጹን ገለጥኩ።

ኦርዜላ ጨለማው ውስጥ ነቃች። አልጮኸችም። ፀጉሯ ውስጥ የደበቀችውን ቁልፍ አወጣች። ደረጃውን እየቆጠረች ወጣች። ላይ ቤት የባሏ ወንድምና ዘመዶቹ ለተዝካሯ እራት ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ተከፈተ። ሁሉም ደርቀው ቀሩ። ኦርዜላ በመግነዟ እንዳለች ወንበሯን ስባ ተቀመጠች፤ ማንኪያዋን አነሳች፤ አንድ ጊዜ ቀመሰችና እንዲህ አለች፦

«ሾርባው ቀዝቅዟል።»

እማማ ዘነበች ቢላዋውን ጥለው ተነሱ። «እሰይ! እሰይ የኔ እናት! በገዛ ተዝካሯ!» አሉ። እንባቸው ይወርዳል። «ሽንኩርቱ ነው» አሉን ሳንጠይቃቸው። ከዚያ ዞር ብለው «ሳትሞት ነው ለካ» አሉ፣ ለራሳቸው። «ያ ሽማግሌ ይህን አልነገረኝም።»

«እርስዎ መቼ ጠበቁት?»

ከአልጋው ጫፍ ቁጭ አሉ። «እሺ፣ ይሄስ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ካሳነሽ ካልተባለች ግን ሁለቱን ማን ያስታውሳቸዋል? ሰው ካሳነሽ ሲላት የማን ካሳ ናት ይላል፤ እኔም ዳዊትና ሰናይት እላለሁ። በዚህ ሰበብ እንኳ ይጠሩልኝ ነበር።»

ለካ የሳቸው ነገር ይኸው ነበር። እኔ ደግሞ ሊያስረሱን የፈለጉ መስሎኝ ነበር።

ከአልጋው ሥር ደብቄው የነበረውን የመሠረተ ትምህርት ደብተሬን አወጣሁ። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩላቸው። የራሴን ስም መጻፍ በተማርኩበት ሳምንት፣ መምህሩ ሳያዘኝ የጻፍኳቸው ሁለት ቃላት አሉ፤ ሰያፍና ትልልቅ፣ ከመስመር የወጡ።

«ይሄ ዳዊት ነው» አልኩ። «ይቺ ሰናይት ናት።»

ከበቡሽም አይታው አታውቅም ነበር። እማማ ዘነበች ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነኳቸው። «የቱ ነው ዳ?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ደጋግመው ነኩት።

እሑድ ክርስትና ተነሳች። ቄሱ የክርስትና ስሟን ሰጧት፤ የዓለም ስሟን ለመንገር ደግሞ ድግሱ ላይ እማማ ዘነበች ራሳቸው ተነሱ። «ኦርዜላ» አሉ። አንዱ የሰፈር አራዳ «እማማ፣ ይቺስ የኛ ናት የሞቃዲሾ? ከየት ወደብ ነው ያስገባችኋት?» ሲል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እማማ ዘነበች ሳህኑን አዩና «ብላ አንተ፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል» አሉት። እኔና ከበቡሽ ብቻ ነን የገባን፤ እኔ ሳቄን መዋጥ አቅቶኝ ደጅ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት እማማ ዘነበች ጥላቸውን ይዘው ከፊቴ ከፊቴ ቀበሌ ገቡ። «አንተ ልጅ» አሉት ጓድ ንጉሤን፣ «እኔ ዋሽቼ አስጻፍኩህ፣ አንተም አውቀህ ጻፍክ። ኃጢአታችን እኩል ነው። አሁን ፋቅ።» መፋቅ እንዲያው አይሆንም፤ ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል፣ ኮሚቴው መሰብሰብ አለበት፣ ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ሄደዋል። በየሳምንቱ ሰኞ ሄዱ፤ ሰልፉ ላይ ቆመው የኦርዜላን ታሪክ ለተሰላፊው ይተርካሉ። በኋላ ሲገባኝ ጓድ ንጉሤ ራሱ መጨረሻውን ለመስማት ሲል ቀጠሮውን ሳያስረዝም አልቀረም።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ነገር ምን ለወጠብህ ካላችሁኝ፣ ሰው መውደድ አላስተማረኝም፤ እንዳትሳሳቱ። ያልተነበበልኝን ወረቀት ዛሬም አልፈርምም፤ የተነበበልኝንም ደግሜ አነባለሁ። ግን በክፋት ከሚሰርቅህና በፍራት ከሚሰርቅህ ሰው መካከል ልዩነት እንዳለ ያን ሳምንት አወቅሁ። ለሁለተኛው መጮህ አይጠቅምም፤ አስቀምጠህ እስከ መጨረሻው አንብብለት። ማንበቤን መደበቄም የራሴ ጥፋት ነበር፤ ቤቴ ውስጥ በግልጽ ባነብ ኖሮ እማማ ዘነበች ለቀበሌ ሳይሆን ለኔ ነበር የሚያለቅሱት። በሚቀጥለው ዙር ራሳቸው መሠረተ ትምህርት ገቡ፤ በኛው ቀበሌ፣ ከፊት ወንበር። መጀመሪያ የጻፉትን ስም ታውቁታላችሁ፤ በዳ የሚጀምረው ነው።

ልጄ ዛሬ ሙሉ ሴት ናት። ስሟን ሲሰሙ ትርጉሙን የሚጠይቋት አሉ። «በገዛ ተዝካሯ እራት የበላች ማለት ነው» ትላቸዋለች። መጽሐፉ እሷ ዘንድ ነው፤ ሐምራዊ አሻራዬ አሁንም አለበት።

በቅጹ ላይ «ካሳነሽ» በቀይ ተሰርዞ «ኦርዜላ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ጓድ ንጉሤ ቀለሙን ወደኔ አልገፋም፤ ብዕሩን ሰጠኝ። አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት፤ ፈረምኩ። ከሥሩም ቀኑን በራሴ እጅ ጻፍኩ፦ መጋቢት 20 ቀን 1975 ዓ.ም.።